ማል በሮዛ ያልነው አበባ

ይድረስ ለባለቤቴ ለአበጀ፤ የሚያደርሰው ባይኖርም ይድረስ።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ጤናህን መጠየቅ አልችልም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከተለያየን እነሆ ዓመት ሞላን። የምትነዳውን የነጋዴ ማኪና ጭነህ ወደ አስመራ ስትወርድ፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲያረሰርሰው የከረመው የሊማሊሞ መንገድ ከጎማህ ሥር ተንዶ ይዞህ ሄደ። ያን ጊዜ መስከረም ሊያልቅ ነበር። ዘንድሮም መስከረም መጥቶ ሊያልቅ ነው። ሜዳው ቢጫ ሆኗል ይላሉ፤ እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሆዴ፣ ይህን ደብዳቤ አላሸግሁትም። እዚህ ሰፈራችን ቁስቋም ያለ ሰው ያንብበው፣ እናትህ አገር እንፍራንዝ ያለ ሰው ያንብበው፣ ፊደል ያልቆጠረም ያስነብበው። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። አንተ መቼም ከመጨረሻው መጀመር ትወዳለህ፤ ጋዜጣ እንኳ ከጀርባው ነበር የምትጀምረው። አሁን ግን ታገሠኝ፣ በተራው ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ተመረቅሁ። የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ሰኔ ላይ ወረቀቴን ተቀበልሁ። «ያን ቀን በማኪናዬ ጥሩምባ ቁስቋምን በሙሉ ካልቀሰቀስሁ ሰው አይደለሁም» ትለኝ ነበር። ጥሩምባ የነፋ የለም። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ሄድሁ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ተመልሼ ተቀመጥሁ፣ በቃ። ልብሱም አለ። ፀጉሬን ተላጭቼ ጥቁር ለብሼ ወደ ትምህርቴ ስመለስ፣ ፈረንጅዋ አስተማሪያችን በጥቁር ልብስ በሽተኛ ክፍል አይገባም አለችኝ። ነጩን ለበስሁ፤ ጥቁሩን ግን ከውስጥ አላወለቅሁትም። ነጩ ስስ ስለሆነ ጥቁሩ ከሥር እየታየ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና መስዬ ከረምሁ። መንገድ ላይ «የአበጀ ሚስት ዓመት ሳይደርሳት ነጭ ለበሰች» ያሉ ነበሩ። አንተ ለዚህ መልስ አታጣም ነበር።

እኔ ደግሞ ምን እንደነበርሁ ታውቃለህ። ውሃችሁን አፍሉ፣ ጉድጓዳችሁን ክደኑ እያልሁ ከደጅ ደጅ ስዞር «ሚኒስትሯ ከጉብኝት ተመለሱ?» እያልህ ታሾፍብኝ የለ? ያቺ ሴት አሁን የለችም። ጧት ዓይኔ ሲገለጥ ይህ ቀን ምን ያደርግልኛል ብዬ እጠይቃለሁ። እጄ ግን ሥራ መፍታት አይችልምና አንሶላ አጥባለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ ያጠብሁትን ደግሜ አጥባለሁ። አስታማሚዎቹ ጎበዝ ናት ይሉኛል።

ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ዛሪማ ለሚከፈተው ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነገ እሄዳለሁ። ቤቱን ለባለቤቱ አስረክቤያለሁ። አልጋችንን ጎረቤታችን አያ ወርቁ ወሰደው፤ «እስክትመለሺ ላቆይልሽ» አለ፤ እንደማልመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ አጥሩ ሥር ያለው ያ ቦታ ባዶ ነው። የአያ ወርቁ በግ ትታሰርበታለች።

«ያ ቦታ» ስል አንተ ገብቶሃል። ለማያውቅ ግን ልንገረው።

ደባርቅ ላይ ማኪና የሚጠግን፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አገሩ ያልተመለሰ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ከታች እስከ ጫፍ እንደ ደረጃ አበባ በአበባ ላይ የሚያወጣ ተክል ነበረው። እሱ ፍሬንህን ሲያስተካክል አንተ ያንን ስታይ ዋልህና ዘሩን ለመንኸው፤ በክብሪት ቤት ሞልቶ ሰጠህ። ቤት ስትገባ ፊትህን ሳትታጠብ መዳፌ ላይ ዘረገፍኸው። ፍሬው ክብ ነው፤ ዘሩ ዙሪያውን ጥርስ መስሎ ተደርድሮበታል። «እዪ እንጂ፣ ጎማ እኮ ነው! ይህን ሹፌር ያልተከለው ማን ሊተክለው ነው?» አልኸኝ።

ስሙን ብጠይቅህ ጣሊያኑ እንደነገረህ «ማልባሮዛ» አልህ። አጥር የምንጋራው አያ ወርቁ፣ ወሬ ሲሸተው አንገቱ የሚረዝመው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ኖሮ «ማን ይማል? ማል በሮዛ? ሮዛ ደግሞ ማናት፣ የየትኛው ደብር ታቦት ናት?» አለ። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአበባው ስም ማል በሮዛ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ዓመት የሰፈር መሳቂያ ሆንን። ሰኔ ሲገባ አፈሩን ቆፍረህ፣ አመድና የደረቀ ፋንድያ ደባልቀህ ዘራኸው። በቀለ፤ ግን ቅጠል ብቻ። ሰፊ፣ ሻካራ፣ መሬት ላይ የተንሰራፋ ቅጠል። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ አንዲት አበባ የለም። አያ ወርቁ ጧት ጧት «ምነው አበጀ፣ አበባ አመጣሁ ብለህ ጎመን ተከልህሳ! ለሁዳዴ ትቀቅሉልን ይሆን?» ይልሃል፤ አንተም «አያ ወርቁ፣ ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው፤ ማርሽ ሲገባለት ታያለህ» ትለዋለህ። ጣሊያኑ ነግሮህ ነበር፤ ይህ ተክል አንደኛውን ዓመት ቅጠል፣ ሁለተኛውን ዓመት አበባ ነው። እኔ ግን የት ልታገሥ! ሥሩን ልይ ብዬ ልነቅል ስል እጄን ያዝኸኝ። «አንቺ በሽተኛሽን እንዲህ የምትጠብቂው ከሆነ፣ ሳይድን ልትቀብሪው ነው» አልኸኝ።

በዚያው ሰሞን፣ ለኅዳር ቁስቋም ንግሥ፣ እናትህ እማማ ትርንጎ ከእንፍራንዝ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ደጅ ስንደርስ ቅጠሉን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁህ። አንተም ፊትህን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርገህ «ማል በሮዛ ነው፣ እማ» አልሃቸው። ሮዛ ማን ናት ቢሉህ «እሷማ የሆዴ ናት። በሷ ሳልምል ማኪናዬን አላስነሳም» አልህ። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ በሳቅ ሆዴን ያዝሁ። አያ ወርቁ ከአጥሩ ማዶ እንባውን ይጠርጋል። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ፤ የሳቁ መስሎን ነበር። ገብተን በላን፣ ጠጣን፤ ነገሩም ለኛ በዚያው አለቀ።

ከዚያ ዓመቱ ዞሮ ክረምቱ ሲገባ ግንዱ ተነሣ። መነሣቱስ! ትናንት ወገቤ ላይ የነበረው ዛሬ ትከሻዬ ላይ ነው። ከፈረሰው የቁስቋም ቤተ መንግሥት በኩል የሚመጣው ነፋስ እንዳይሰብረው በየግንዱ ጎን ሸምበቆ ተከልህለት፤ ገመድ ግንዱን ይቆርጠዋል ብለህ የተቀደደ የጎማ ካላማዳሪ፣ ያንን የውስጡን ላስቲክ፣ እንደ ጠፍር ቀጭን ቀጭን አድርገህ ቆርጠህ ላላ አድርገህ አሰርኸው። ለመንገድ ስትወጣ ሥራውን ለኔ አደራ ትላለህ። ውሃውን ከሥሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ እንዳታፈሺ። የታችኛው ቅጠል ላይ ዋግ ሲወጣ፣ ያ ስንዴን የሚመታው ቀይ ዝገት ይመታው ነበርና፣ ቅጠሉን ቀንጥሰሽ አቃጥዪ እንጂ አጥር ሥር እንዳትጥዪ። ከአያ ወርቁ በግ ደግሞ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ስትመለስ ሞተሩን ሳታጠፋ መስኮቱን አውርደህ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥለህ እኔን ታያለህ። እቀና ነበር፣ እውነቴን ነው። ደስ የሚል ቅናት ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የታችኛው አበባ ፈካ። የአበባው ቅጠል እንደተጨማደደ ሐር ስስ ነበር፤ ንቦች ገብተው ዱቄት ለብሰው፣ ወፍጮ ቤት የዋሉ መስለው ይወጣሉ። አያ ወርቁ መጥቶ ቆመ። በመጨረሻ «ሸጋ ነው፤ ሸጋ ነው እንግዲህ ምን ይባላል» ብሎ ሄደ። እኔ አንዱን ቀጥፌ ጠረጴዛ ላይ ላድርግ ስል አንተ ከለከልኸኝ። ዘር እስኪሰጠን አንዲትም አትቀጠፍም አልህ። ዘሩን ምን ልታደርገው እንዳሰብህ ያን ጊዜ ነው የነገርኸኝ፤ ከእናትህ ደጅ ከእንፍራንዝ ጀምረህ፣ ማኪናህ በሚቆምበት በየመንገዱ ዳር፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ሊማሊሞ ወርደህ ዛሪማ ድረስ ልትዘራው። «ሌላው ሹፌር መንገዱን በኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ እኔ በማል በሮዛ እቆጥራለሁ» አልህ። ዘሩ እስኪደርቅ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር።

ከዚያ ሄድህ።

አስከሬንህ መጥቶ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቀበርንህ። ከዚያ በኋላ ያለውን በጭጋግ ውስጥ ነው የማስታውሰው። ወለል ላይ አስቀምጠውኛል፤ በግራዬና በቀኜ ሴቶች አሉ። ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ሁሉም የሚገባው በዚያ በር፣ በአበቦቹ መካከል ነው። እነሱ ደግሞ ይባስ ብለው እስከ ጫፋቸው ፈክተዋል። ሴቶቹ «የሠርግ ቤት አስመሰለው እኮ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ይዣለሁ፤ ታችኛዎቹ ፍሬዎች አረንጓዴ ናቸው፣ ይደርቃሉ፣ ዘሩን እሰበስባለሁ፣ ያልኸውን መንገድ እኔ እዘራዋለሁ። ሌላ ምንም የሚያስቀምጠኝ ነገር አልነበረኝም።

የአሥራ ሁለትህ ዕለት ከደጅ የዶማ ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አወቅሁት። ልነሣ ስል ሴቶቹ ያዙኝ። «ማል በሮዛን! ማል በሮዛን አትንኩብኝ!» ብዬ ጮኽሁ። እኔ ለአበባዬ መጮኼ ነበር፤ እነሱ የሰሙት ግን የሴት ስም ነው። አንዷ በሌላዋ ጆሮ አንሾካሾከች፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ያዟት፣ ሐዘኑ ወጥቶባት ነው» እያሉ አጥብቀው ያዙኝ። ከዚያ እናትህ እጃቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገቡ፣ አጠገቤ ተንበረከኩ፣ ጭቃማውን እጃቸውን ጉንጬ ላይ አደረጉና «ነቀልሁልሽ፣ ልጄ። ከእንግዲህ ደጅሽ ላይ አትቆምም» አሉኝ።

አትቆምም አሉ። እኔ አበባዋን መስሎኝ ነበር። አበባ በሴት አይጠራም? በሐዘን ቤት ቀለም ነውር ስለሆነ የነቀሉ መስሎኝ ነበር። የሚያለቅሱ እናት ላይ እንዴት ልቆጣ?

ከደጅ እንድወጣ ሲፈቅዱልኝ ግንዶቹ አጥር ጀርባ ተጥለው ጠውልገዋል፤ ሥራቸው የክንዴን ያህል ነጭ ሆኖ ፀሐይ ይመታዋል። አረንጓዴዎቹን ፍሬዎች በነጠላዬ ጫፍ ለቀምሁ። አበጄ፣ ያላደረግሁት የለም። ሰፌድ ላይ አሰጣሁ፤ ሻገተ። አመድ ውስጥ ቀበርሁ፤ ተጨማደደ። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ እንዴት እንደሚበቅል በትምህርት ቤት አሳይተውን ነበርና ጥጥ አምጥቼ ከመስኮቱ ሥር ደረደርሁ፤ ጥጡ ሸተተ እንጂ አልበቀለም። አንዱን ሥር መልሼ ተክዬ ማለዳና ማታ ስጠብቀው ከረምሁ፤ ቆፍሬ ባየው በስብሶ በእጄ ላይ ፈረሰ። በሰኔ ዝናብ የቀረውን የተጨማደደ ዘር ሁሉ በተንሁ። የበቀለው ሣር ነው። ደባርቅ ሄድሁ፣ በጭነት ማኪና፣ ብቻዬን። ጣሊያኑ አገሩ ገብቷል አሉኝ። ግቢው የአህያ ማደሪያ ሆኗል። እዚሁ ፒያሳ በጣሊያን ቤቶች ግቢ ሁሉ እየገባሁ ጠየቅሁ፤ በቆርቆሮ የተተከለ ሌላ ቀይ አበባ አሳዩኝ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ያኔ የቀረኝ ተስፋ አለቀ። ከዚያ በኋላ የኖርሁት እንደ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አወጣን። እማማ ትርንጎ በምርኩዝ መጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል፤ ደረጃውን ሲወጡ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። እኔ ነርስ ነኝና ዝም ብዬ አላይም፤ ሰው ከተበተነ በኋላ ልብሳቸውን ገልጬ ጉልበታቸውን አየሁት። ሁለቱም ጉልበታቸው ቆስሎ፣ ድኖ፣ እንደገና ቆስሎ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ውሃ አሙቄ እያጠብሁ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ። ኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስግደት ነው አሉኝ። ለነፍስ አባታቸው ነግረው የተቀበሉት ስግደት፤ እሳቸው ደግሞ ከተሰጣቸው በላይ የጨመሩበት። ለማን ብላቸው «ለልጄ ነዋ። ለዚያች ሴት ኃጢአት። በሥላሴ መማል ሲገባው በሮዛ ሲምል ኖሮ፣ ንስሐ ሳይገባ ገደል ወሰደው» አሉኝ።

ጨርቁ ከእጄ ወደ ሳህኑ ወደቀ።

አየህ? ቀልድህን ሁለት ዓመት ሊሞላ በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል። ቅጠሉ የውሽማህ ማስታወሻ መስሏቸው፣ ስትሞት ደግሞ አበባው ከበሩ ግራና ቀኝ ቆሞ ለቀስተኛ ሲቀበል ሲያዩ፣ ሮዛ ደጄ ላይ ቆማ በሐዘኔ የምትስቅብኝ መስሏቸዋል። ለኔ ብለው ነው የነቀሉት። ለኔ ክብር። የኔም ጩኸት አረጋገጠላቸው፤ ለቀስተኞቹም ሰምተው ስለነበር ወሬው ከቁስቋም እንፍራንዝ ደርሷል። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ልጃቸው አመንዝራ ነበር ብለው አምነው፣ በአፋቸው ሳይወቅሱህ፣ በጉልበታቸው ዕዳህን ሊከፍሉ ዓመት ሙሉ ወደቁ ተነሡ።

ጉልበታቸውን አስሬ ወጣሁ። አያ ወርቁን አማከርሁት። «ተይ፤ ምነው ልትገድያቸው ነው?» አለኝ። «አሁን የነቀሉት የሮዛን ነው። እውነቱን ከነገርሻቸው የነቀሉት የልጃቸውን ነው የሚሆነው። ስግደት እንደሆነ ለነፍሱ አይከፋም፤ ይስገዱ።» አባባሉ ስሕተት አልነበረም። ግን ያንተስ ስም? አንተ የለህም፣ ተነሥተህ «እማ፣ ቀልዴን እኮ ነው» አትላቸውም። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ አያ ወርቁ ሽማግሌ ነው። እኔ ዝም ብል በዚህ ዓለም ላይ ከአንተ የሚቀረው ውሸት ብቻ ነው። አበባው የለም። ልጅ አልወለድንም። ስምህ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ቆሽሾ።

በማግሥቱ ጧት ነገርኋቸው። «እማማ፣ ሮዛ የምትባል ሴት የለችም፤ ኖራም አታውቅም። ማልባሮዛ በጣሊያን አፍ የአበባው ስም ነው» አልኋቸው። «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ማልባሮዛ አልሁ። «አንድ ቃል ነው?» አንድ ቃል ነው አልኋቸው። በከንፈራቸው ሳያሰሙ ሞከሩት። ከዚያ፣ አበጄ፣ ሳቁ። ካንተ ሞት በኋላ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ይሄ ቀላማጅ! አሞኘኝ እኮ! እናቱን አሞኘኝ!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ሳቁ በመሐል ተሰበረ፤ የሚያወጡት ድምፅ ምን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲያቃስት እሰማለሁ፤ እንደሱ ያለ አልሰማሁም። ሲበርድላቸው «ታዲያ እኔ የነቀልሁት ልጄ በእጁ የተከለውን ነው?» አሉ። «ዘሩስ? ዘር ይዘሻል?»

የለኝም አልኋቸው።

«አንድም?»

አንድም።

ምርኩዛቸውን ትተው ወጡ። በጓን ገፍተው በዚያ ጉልበታቸው ተንበረከኩና አፈሩን በጣታቸው ይቆፍሩ ጀመር፤ ቁራጭ ሥር ቀርቶ እንደሆነ። ተዉ አላልኋቸውም። አጠገባቸው ተንበርክኬ አብሬ ቆፈርሁ። ዓመት ሙሉ የቆፈርሁት ቦታ ነው፤ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ቆፈርሁ። አያ ወርቁ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና አይቶን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር አንገቱን መለሰ።

ሲደክማቸው ቁጭ ብለው መልኩ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቁኝ። እዚህ ሳሉ ቀና ብለው አላዩትም ኖሯል፤ ዓይናቸውን እያዞሩ ነበር የሚያልፉት። ቀይ ነበር አልኋቸው፤ መሐሉ የጠቆረ ቀይ። ከአፌ ሲወጣ ግን ተጠራጠርሁ። ከበሩ በግራ ያለው ቀይ ነበር፤ የቀኙ ሐመር ያለ ነበር ወይስ እሱም ቀይ ነው? የሄድህ ዕለት ጧት መጀመሪያ ዞረህ ያየኸው የትኛውን ነው? ይህን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ድምፅህም እንዲሁ ነው። ቃልህን ሁሉ ይዣለሁ፣ ይኸው ጻፍሁት፤ ድምፅህን ስፈልገው ግን አንዳንድ ቀን አይመጣም። የምፈራው ይህን ነው። ሞትህን ለምጄዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም፤ መርሳቴን ግን አልለመድሁትም።

እማማ ከመሄዳቸው በፊት «ያ ሁሉ ስግደት ለማን ይሁን?» አሉኝ። ምርኩዛቸውን አቀበልኋቸው። እንግዲህ ለራሳቸው ይሁን አሉ፤ ሞቶ መልስ የማይሰጥ ልጃቸውን ያለ ጥፋቱ ስለከሰሱት። ጉልበትዎ ይድናል፣ ይተዉት ብላቸው አልሰሙኝም። እንፍራንዝ ገብተው እንደገና የሚሰግዱ ይመስለኛል። እውነቱን ነግሬ አላዳንኋቸውም፤ የሚያለቅሱበትን ብቻ ቀየርሁባቸው። ደግ አደረግሁ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ግን ዳግም ቢመጣ ደግሜ እነግራቸዋለሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ስሙልኝ፤ ባለቤቴ አበጀ ሌላ ሴት አልነበረውም። ቀልደኛ ነበር። አበባ ይወድ ነበር። ይኸው ነው ጥፋቱ።

አበጄ፣ ነገ ማለዳ በጭነት ማኪና እሄዳለሁ። ሹፌሩ የወደቅህበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ሁሉም ያውቀዋል። ትናንት ስንነጋገር «እዚያ ስንደርስ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጣዪ፤ እኔ አልፈን ስንሄድ እነግርሻለሁ» አለኝ። ለደግ ብሎ ነው። እኔ ግን ፊቴን አልሸፍንም። የተናደውን አያለሁ፣ ገደሉን እስከ ታች አያለሁ፣ የሚጠገን መንገድ ካለ እሱንም አያለሁ። ካንተ የቀረኝን ሁሉ፣ ክፉውንም፣ ዓይኔን ከፍቼ እይዘዋለሁ። ሌላ የምገባልህ ቃል የለኝም።

ሚስትህ